የዳሌ ነገር ቀን አይሰጥም፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጤና ሚኒስቴር
ለየክልሉ ጤና ቢሮዎች
እንዲሁም በያሉበት ለሚገኙ ወጌሾችና አስታማሚ ቤተሰቦች

ጉዳዩ፦ የዳሌ መገጣጠሚያ ምርመራ ከጤና ኬላ እንዲጀመር ስለ መጠየቅ

ክቡራን፣

እናቴ የወደቀችው ሐምሌ 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከዳገት አይደለም፤ ከፎቅም አይደለም። ከማድ ቤት ወደ ዋናው ቤት በምትወስደው፣ አሥር እርምጃ በማትሞላ መንገድ ላይ ጭቃ አዳልጧት በግራ ጎኗ ወደቀች። እኔ ስደርስ የድስቱን ክዳን ገና በእጇ እንደ ያዘች ነበር። “ደኅና ነኝ፤ ብቻ እግሬ አልታዘዝ አለኝ” አለችኝ።

ተጋግዘን አልጋ ላይ ስናስተኛት ሁለት ነገር አየሁ። የግራ እግሯ ከቀኙ አጥሯል፤ የእግሯ ጣቶችም ወደ ላይ መቆማቸው ቀርቶ ወደ ውጭ ተጋድመዋል። ተረከዝሽን ከፍራሹ አንሺ ስንላት ጭኗ ይንቀጠቀጣል እንጂ ተረከዟ አይነሳም። አንድ የአጥንት ሐኪም ይህን ብቻ ቢነግሩት ራጅ ሳያይ የሚጠረጥረውን ነገር፣ እኛ ቤት ከተሰበሰበው ጎረቤት አንድም ሰው አልጠረጠረውም። የተሰበረ አጥንት ያብጣል፣ ይጠቁራል ብለን ነው የምናስበው። የዳሌ መገጣጠሚያ ግን ከወፍራም ጡንቻ ሥር የተቀበረ ስለሆነ ላዩ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። እናቴ አላበጠችም። ስለዚህ አልተሰበረችም አልን።

ወጌሻ ተጠራ። የመጡት ሰው በመንደራችን የተከበሩ ናቸው፤ የወንድሜን ክንድ በልጅነቱ አስረው ያቀኑለት እሳቸው ነበሩ። “ጅማት ዞሮባት ነው” አሉና በለጋ ቅቤ አሿት፣ እግሯን ይዘው ሳቡት። ያን ቀን የሰማሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፤ በሰባተኛውም እንዲሁ። እናቴ ጉልበቴንም ያመኛል ስላለች ጉልበቷም ታሸ። በዳሌ መገጣጠሚያ በኩል የሚያልፍ ነርቭ ወደ ጉልበትም ቅርንጫፍ ስላለው የዳሌ ሕመም ብዙ ጊዜ ብሽሽት ላይና ጉልበት ላይ እንደሚሰማ የተማርኩት በኋላ ነው። ስንት ሰው ዳሌው ታሞ ጉልበቱን ሲቀባ እንደሚኖር አስቡት።

ሐምሌ አለቀ፤ ፍልሰታ ገብቶ ወጣ። እናቴ ለሽንት እንኳ ሳትነሳ፣ እየከሳች፣ ወገቧ ሥር የአልጋ ቁስል አውጥታ፣ በ43ኛው ቀን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወሰድናት። 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ።

ራጁ ወጥቶ ሐኪሙ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያነሳው እኔም አየሁት። ወጣት ሐኪም ነበር፤ ሊያስረዳኝ ጊዜ ስለ ሰጠኝ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። የቀኝ እጁን ጨብጦ በግራ መዳፉ ውስጥ አስገባና አዞረው። “ዳሌ ማለት ይኼ ነው” አለኝ። “የጭን አጥንት ጫፉ ላይ እንደ ኳስ የከበበ ራስ አለው፤ ራሱ በዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። ከራሱ ሥር ደግሞ ቀጠን ያለ አንገት አለ። የእናትሽ የተሰበረው አንገቱ ነው።” ቀጥሎ የእጁን አንጓ አሳየኝ። ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱት ሥሮች አንገቱን ታክከው ነው የሚወጡት። አንገቱ ተሰብሮ ቦታውን ሲለቅ ሥሮቹ ሊበጠሱ፣ ራሱም ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ክንድ በሸንበቆ ታስሮ እንደሚጋጠም ይህ አይጋጠምም። ማሸትና መሳብ ደግሞ የተረፈች ሥር ካለች እሷንም ሊበጥስ ይችላል።

“በመጀመሪያው ቀን ብትመጡ ኖሮ…” ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሰው ተወው። እኔ ግን እንዲጨርሰው ለመንኩት፤ የነገረኝንም ለሌላው ቤተሰብ እንዲደርስ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አንገቱ ተሰንጥቆ ቦታውን ካልለቀቀ በትንሽ ቀዳዳ ብሎን ገብቶ ይያዛል። ተጎጂው ወጣት ከሆነ አጥንቱ ቦታውን ቢለቅም እንኳ ሐኪሞች ራሱን ለማትረፍ ይሽቀዳደማሉ፤ በፍጥነት ወደ ቦታው መልሰው በብሎን ያስሩታል። በዕድሜ ለገፋ ሰው ቦታውን የለቀቀ ስብራት ሲሆን የተሰበረውን ራስ አውጥቶ በብረት መተካት ይሻላል፤ ራሱ ብቻ ከተተካ ግማሽ ቅየራ፣ ጎድጓዳውም አብሮ ከተተካ ሙሉ ቅየራ ይባላል። ስብራቱ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ከሆነ ያ አካባቢ ደም የጠገበ ስለሆነ አጥንቱ ይጋጠማል፤ ሆኖም በብረት ካልተደገፈ እግሩ አጥሮና ተጣሞ ይጋጠማል፤ ያንንም ለማየት በሽተኛው ወራት በአልጋ መክረም አለበት። አረጋዊን የሚገድለው ደግሞ ይኸው አልጋ ነው፦ የአልጋ ቁስል፣ የሳንባ ምች፣ በእግር ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም። በዓለም ዙሪያ ዳሌያቸው ከተሰበረ አረጋውያን ውስጥ ከአምስቱ እስከ ከአራቱ አንዱ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል። በብዙ አገሮች ቀዶ ሕክምናው በ36 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ ይሠራ የሚል መመሪያ የወጣው ለዚህ ነው።

እናቴ የተሠራላት በ82ኛው ቀን ነው፤ መስከረም 23 ቀን 2015 ዓ.ም.። ከ82ቱ ቀን 43ቱ የእኛ ጥፋት ነው፤ አልደብቅም። የቀረው የአልጋ ቁስሏ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ወረፋ፣ እና የብረቱ ነገር ነበር። ቁስል ያለበት ሰው ብረት ቢገባለት ጀርሙ ብረቱ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ያ ሲሆን ብረቱን መልሶ ከማውጣት በቀር መላ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ መጠበቃቸው ትክክል ነበር። ብረቱን ግን ራሳችሁ ገዝታችሁ አምጡ ተባልን። የጤና መድን ካርዳችንን ይዤ፣ መጠኑ የተጻፈበትን ወረቀት ይዤ፣ አስመጪ ከሚባል ቤት ወደ አስመጪ ቤት ስዞር ሰነበትኩ። አንዱ ጋ ራሱ አለ፣ ዘንጉ የለም፤ ሌላው ጋ ዶላር ሲገኝ ይመጣል። ወንድሜ በሬ ሸጠ፤ እኔ የዕቁብ ተራ ለመንኩ። አዲስ ዓመትና መስቀል በዚሁ መሀል አለፉ።

ይህ ቀዶ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። ጆን ቻርንሊ የተባሉ እንግሊዛዊ የአጥንት ሐኪም ዛሬ የምናውቀውን ሙሉ የዳሌ ቅየራ ከብረት ራስና ከፕላስቲክ ጎድጓዳ አዋቅረው መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። መጀመሪያ የሞከሩት ቴፍሎን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ አሳፍሯቸው ነበር፤ ጠንካራውን ፕላስቲክ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የብዙ ሺህ ታካሚዎች መዝገብ ተሰብስቦ ሲታይ ከተቀየሩት ዳሌዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት ቆይተዋል። 60 ዓመት ያለፈው ሕክምና ለአንዲት የሰሜን ሸዋ እናት በ82 ቀን የሚደርስበት ምክንያት የዕውቀት ማነስ አይደለም። አገራችን እጅ የታደሉ የአጥንት ሐኪሞች አሏት፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የጎደለው ሰውን በቀኑ ወደ እነሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ክቡራን፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን የእናቴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሆስፒታሉ ኮሪደር አጠገቤ ከመንዝ የመጣች አንዲት እናት ተቀምጣ ነበር። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ይዛለች። ልጅቷ ወዲያና ወዲህ ስትሮጥ እንደ ዳክዬ ትወዛወዛለች፤ በረገጠች ቁጥር ወገቧ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል። አያማትም፤ ትስቃለች። እናቷን ስጠይቃት ልጅቷ የበኩር ናት፤ በመቀመጫዋ ነው የመጣችው። መራመድ ስትጀምር እግሯን ስትጎትት አይተው “ታድጋለች፤ ይስተካከላል” ተባሉ። ሲጠብቁ ሲጠብቁ አራት ዓመት ሆናት።

ከውልደት ጀምሮ ከጎድጓዳው የወጣ ዳሌ ነበራት። ሴት ልጅ መሆን፣ በኩር መሆን፣ በመቀመጫ መምጣት፣ በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር መኖር፦ ሐኪሞች የሚጠረጥሩባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ሦስቱ በዚህች ልጅ ላይ ነበሩ። ማንም ግን አላያትም። ዳሌዋ ተከፍቶ፣ የጭኗ አጥንትና የዳሌዋ አጥንት ተቆርጠው አቅጣጫቸው ተስተካክሎ፣ ከደረቷ በታች እስከ እግሯ በጄሶ ተጠቅልላ ሳምንታት መተኛት ነበረባት።

ስድስት ወር ሳይሞላት ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልጋት ምናልባት የጨርቅ ማሰሪያ ብቻ ነበር። የቼኩ ሐኪም ፓቭሊክ ያወጡት ማሰሪያ ነው፤ የሕፃኑን ጉልበቶች አጥፎ ጭኖቹን ከፈት አድርጎ ይይዛል፤ ራሱ ወደ ጎድጓዳው ይመለስና ጎድጓዳው በዙሪያው ያድጋል። ቀዶ ሕክምና የለ፣ ማደንዘዣ የለ፣ ደም የለ። ችግሩን ለማወቅም የሚያስፈልገው የሠለጠነ እጅ ነው። ጣሊያናዊው የሕፃናት ሐኪም ኦርቶላኒ እ.ኤ.አ. በ1937 ያስተዋወቁት ምርመራ ዛሬም ይሠራል፦ ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ጭኑ ቀስ ተብሎ ወደ ጎን ሲከፈት የወጣው ራስ ወደ ቦታው ሲገባ በጣት ይሰማል። ወር እየጨመረ ሲሄድ ይህ ምልክት ይጠፋና ሌላ ይተካዋል፤ አንደኛው ጭን እንደ ሌላው አልከፈት ይላል፣ ሁለቱን ጉልበቶች አጥፈው ሲያቆሟቸው አንደኛው ዝቅ ይላል።

ልመናዬ እዚህ ላይ ነው። በአገራችን እናት ልጇን ይዛ ለ45 ቀን ክትባት ጤና ኬላ ትሄዳለች። ያቺን ቀን እናቶች አይረሷትም። ሕፃኑ ጭኑ ላይ ለመወጋት ልብሱ ይወልቃል፤ እግሩ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ላይ ነው። ከመርፌው በፊት አንድ ደቂቃ ብትጨምርበት፣ ጉልበቱን አጥፋ ጭኑን ብትከፍተው፣ ካርዱ ላይም “ዳሌ ታይቷል” የሚል አንዲት ሳጥን ብትኖር! ሁለተኛውና ሦስተኛው ክትባት በየወሩ ስለሚከተል ያመለጠው እንደገና ይታያል። የተጠረጠረውን ሕፃን እስከ አራት ወይም አምስት ወሩ ድረስ በአልትራሳውንድ፣ ከዚያ በኋላ በራጅ ማረጋገጥ ይቻላል። እርጉዝ ሴት የሚያይ አልትራሳውንድ ባለበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ዋናው መሣሪያ ቀርቧል ማለት ነው፤ የሚቀረው ለሕፃን ዳሌ የሚስማማው የመመርመሪያ ጫፍና ሥልጠናው ነው።

ይቻላል ወይ ለሚለኝ ቆልማማ እግርን አስታውሱ። በቆልማማ እግር የተወለደ ልጅ ዕድሜ ልኩን በእግሩ ጎን ሲረግጥ የምናውቅ ብዙዎች ነን። ዛሬ በፖንሴቲ ዘዴ፣ በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ትልቅ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው በቀጥታ ይራመዳሉ። ቆልማማ እግር በዓይን ስለሚታይ እናት ራሷ ይዛው ትመጣለች። ዳሌ ግን ተደብቆ ስለሚቀመጥ መጥታችሁ ፈልጉት ይላል።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። ልጅን በአንቀልባ ማዘል፣ ጭኖቹ የእናቱን ጀርባ አቅፈው ተከፍተው፣ ለዳሌ የተመቸ አያያዝ ነው፤ ራሱ ወደ ጎድጓዳው እንዲጠጋ ያደርጋል። ጎጂው የሕፃኑን እግሮች አቅንቶ፣ አጣብቆ፣ በጨርቅ ጠብቆ መጠቅለል ነው። በከተማ አንቀልባን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ወጣት እናቶች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ስለ ሌሎቹ የዳሌ ሕመሞች በአጭሩ። በመኪና አደጋ ጉልበቱ ከፊት ተመትቶ ዳሌው የወለቀ ሰው በሰዓታት ውስጥ፣ ሐኪሞች እንደሚሉት በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ካልተመለሰለት የአጥንቱ ራስ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ትኩሳት ይዞት አልረግጥም ያለ፣ እግሩን ሲነኩት የሚጮህ ሕፃን መገጣጠሚያው መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ ያም ሌሊት አያሳድርም። የ30 ዓመት ወጣት ሳይወድቅ ሳይመታ ብሽሽቱን ካመመው የአጥንቱ ራስ ደም እያጣ ሊሆን ይችላል፤ ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ አልኮል ማብዛትና እንደ ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ናቸው። በጊዜ ከተደረሰበት አጥንቱን በመብሳት ግፊቱን አቃሎ ራሱን ለማትረፍ ይሞከራል፤ ራሱ ከተደረመሰ ግን መቀየር ብቻ ይቀራል። በዕድሜ ለሳሳ መገጣጠሚያ ደግሞ ሁሉም ሰው ቢላዋ አያስፈልገውም። ክብደት መቀነስ፣ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ ምርኩዝ፣ በልክ የተወሰደ ማስታገሻ ለብዙ ዓመት ያቆያል። ግን ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ይህን በእያንዳንዱ ፋርማሲ መስኮት ላይ ተጽፎ ማየት እመኛለሁ።

አባቶቼ ወጌሾች፣ እጃችሁን ንቄ አልጻፍኩም። ብዙ አገር ሐኪም በሌለበት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ የሕክምና ጽሑፍ ላይ በአገራችን ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት የሚበሰብሱና የሚቆረጡ እጅና እግሮች መቀነሳቸው ተመዝግቧል። ማለት የሚነገራችሁን ትሰማላችሁ። እንግዲህ የወደቀ አረጋዊ እግሩ አጥሮ፣ ጣቱ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ተረከዙ አልነሳ ካለ፣ አትሹት፤ አትሳቡት። “ይህ የእኔ አይደለም፤ ዛሬውኑ ራጅ አስነሡ” በሉ። ከእናንተ አፍ ከወጣ ቤተሰብ ይታዘዛል፤ እኛም እንታዘዝ ነበር። ሚኒስቴሩም ይህን ትምህርት በየወረዳው፣ በአክብሮት፣ አበል ከፍሎም ቢሆን እንዲሰጥ እጠይቃለሁ።

ለአረጋውያን የሚገባው ብረት ጉዳይም ይታሰብበት። መንግሥት መድኃኒት በጅምላ እንደሚገዛ ሁሉ የተለመዱትን መጠኖች አስቀድሞ ገዝቶ በሆስፒታሎች መጋዘን ቢያስቀምጥ፣ ዋጋውም በመድን ቢሸፈን፣ አስታማሚ ወረቀት ይዞ በከተማ ሲዞር የአልጋ ቁስል ባልሰፋ ነበር።

ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላ ያለውም ሕክምና ነው። እናቴ ምርኩዙን በታመመው ዳሌዋ በኩል፣ በግራ እጇ ስትይዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወደ ቀኝ አዛወረችላት። በአንድ እግር ስንቆም ጡንቻው ሰውነታችንን እንዳይወድቅ ሲስብ ዳሌው ከክብደታችን ከእጥፍ በላይ ይሸከማል፤ በተቃራኒው እጅ የተያዘ ምርኩዝ ያንን ሸክም ያቀላል። በዚያች ቅጽበት የእናቴ አረማመድ ሲለወጥ አየሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ደግሞ በርጩማ ተከለከለች፤ ቁጢጥ ማለትም ተከለከለች፤ ተቀምጣ ጉልበቷ ከዳሌዋ ከፍ ካለ አዲሱ ራስ ሊወልቅ ይችላል። የእኛ መጸዳጃ ቤት ግን ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ወንድሜ ከባሕር ዛፍ ጣውላ መቀመጫው የተበሳ ወንበር ሠርቶ ጉድጓዱ ላይ አቆመላት፤ በግራና በቀኝ የሚያዝ እንጨት አደረገላት። ያንን ወንበር ሥሩ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ራሳችን ተቸግረን ያገኘነው ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ በሚሰጠው ወረቀት ላይ የወንበሩ ሥዕልና ቁመቱ ቢኖር አናጺ የሌለበት መንደር የለም።

እናቴ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። እግሯ ትንሽ አጥሯል፤ ከጫማዋ ሥር ተጨምሮላታል። መስገድ ስለማትችል ቤተ ክርስቲያን ወንበር ይዤላት እሄዳለሁ፤ ሌላው ሲሰግድ እሷ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

ሁለቱ ራጆቿ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሳውና በኋላ የተነሳው፣ እኔ ዘንድ አሉ። እናቴ ፈቅዳልኛለች። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ወይም ለወጌሾች ሥልጠና የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ቀኑን አሳውቁኝ፤ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አስታማሚ ልጅ
ደብረ ብርሃን